ምስጋናው ለባለቤቶቹ ይድረስ

በጀርባ አጥንት ቲቢ እግሮቹ አልታዘዝ ብለውት በቃሬዛ የገባ ሰው በራሱ እግር ሲወጣ፣ ቤተሰቡ እጅ የሚነሳው ለቀዶ ሐኪሙ ነው። እኛ የአከርካሪ ቀዶ ሕክምና ባለሙያዎች ግን ይህን ምስጋና ብቻችንን ብንይዘው ዕዳ ይሆንብናል። የእኛ ሥራ ሰዓታት ነው፤ የእናንተ፣ የባልደረቦቻችንና የአስታማሚዎች፣ ግን ወራት ነው።

መጀመሪያ፣ በሽተኛውን ቀድማችሁ ላያችሁት የጤና ባለሙያዎች፣ “የወገብ ሕመም ነው” ብላችሁ ማስታገሻ ሰጥታችሁ ላልሸኛችሁት። ሲራመድ መደነቃቀፉን አይታችሁ፣ ጉልበቱን በመዶሻ ነክታችሁ፣ እግሩ ከልክ በላይ ሲወረወር ነገሩ ከሕብለ ሰረሰር (በአከርካሪው ውስጥ ከሚያልፈው የነርቭ ገመድ) መሆኑን ለይታችኋል። ራጁ ደህና ቢመስልም አልተዘናጋችሁም። ከአጥንቱ ማዕድን ሲሶው ወይም ግማሹ ካላለቀ ራጅ ላይ ጉዳቱ በግልጽ አይታይምና ኤምአርአይ እንዲነሳ ላካችሁት። ሽንት መቆጣጠር እስኪያቅተው ቢጠበቅ ኖሮ የማገገም ዕድሉ ይጠብ ነበር።

ላብራቶሪ ላላችሁ ደግሞ ለአንዲት ነገር ለይተን እናመሰግናለን፤ ናሙናውን በሙሉ ፎርማሊን (ሥጋ እንዳይበሰብስ የሚያቆይ ፈሳሽ) ውስጥ እንዳንከተው ደጋግማችሁ ስላሳሰባችሁን። ፎርማሊን ባክቴሪያውን ይገድለዋል፤ ለፓቶሎጂ፣ ማለትም ሥጋውን በማይክሮስኮፕ ለማየት፣ ይሆናል፤ ለካልቸር፣ ማለትም ባክቴሪያውን አሳድጎ ለመለየት፣ ግን አይሆንም። ስለዚህ ከመግሉና ከአጥንቱ የተወሰነው በንጹሕ ዕቃ፣ ያለ ፎርማሊን ይላካል። ጂንኤክስፐርት የተባለው ምርመራ በሁለት ሰዓት ገደማ ቲቢ መሆኑንና ሪፋምፒሲን የተባለውን ዋና የቲቢ መድኃኒት መላመድ አለመላመዱን ይናገራል፤ ካልቸሩ ሳምንታት ይፈጃል። መድኃኒት የተላመደ ቲቢ በተለመደው መድኃኒት ሲታከም ቢቆይ፣ የቱንም ያህል የተዋጣ ቀዶ ሕክምና አያድነውም።

ቀዶ ሕክምና ለሁሉም አያስፈልግም። የእግሩ ድካም ቀላል ከሆነ ብዙዎች በመድኃኒትና በእረፍት ይመለሳሉ። ድካሙ እየባሰ ከሄደ፣ ከሦስት አራት ሳምንት መድኃኒት በኋላም ለውጥ ከሌለ፣ ወይም ከመጀመሪያው እግሩ ፈጽሞ አልንቀሳቀስ ካለ ግን መዘግየት አይገባም። እዚህ ላይ ሰው ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። በሽታው ያለው ከፊት፣ በአከርካሪው አካልና በዲስኩ ላይ ነው። ከኋላ ያለውን የአጥንት ቅስት ብቻ አንስቶ መዝጋት የቀረውን ጤነኛ ድጋፍ ማፍረስ ነው፤ ጉብጠቱ ይብሳል፣ ሕብለ ሰረሰሩም በጉብጠቱ ላይ ይወጠራል። ስለዚህ አስቀድሞ ከታመመው በላይና በታች ባሉ ጤነኛ አከርካሪዎች ውስጥ ብሎን ይገባል፤ አጥንቱ መሃል ላይ እንዳይደረመስም በአንድ ወገን ጊዜያዊ ዘንግ ይታሰራል። ከዚያ የጎድን አጥንቱ ጫፍ ተቆርጦ በጎን ይገባል፤ አይብ የመሰለው መግልና የሞተው አጥንት ደም የሚያወጣ ጤነኛ አጥንት እስኪገኝ ድረስ ይጠረጋል፤ ክፍተቱ በራሱ በበሽተኛው አጥንት ወይም በቲታኒየም ድጋፍ ይሞላል። ተጨፍልቆ የነበረው የሕብለ ሰረሰሩ ሽፋን ተመልሶ እንደ ልብ መምታት ሲጀምር፣ ክፍሉ ውስጥ ያለ ሁሉ ጎንበስ ብሎ ያየዋል።

ያ እንዲሆን አማካዩ የደም ግፊት ከ80 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ እንዳይወርድ ደቂቃ በደቂቃ የጠበቃችሁ የማደንዘዣ ባለሙያዎች፣ ሆዱ እንዳይጫንና የደም ሥሮቹ እንዳይወጠሩ ትራሱን ያስተካከላችሁ፣ ደም የለገሳችሁ፣ እናመሰግናለን።

ነርሶች ሆይ፣ ለእናንተ ቃል ያጥረናል። የማይሰማ ገላ ራሱን አያድንም፤ አንድ ሌሊት ሳይገላበጥ ያደረ ሰው መቀመጫው ላይ ለወራት የማይድን ቁስል ይዞ ሊነሳ ይችላል። በየሁለት ሰዓቱ፣ በቀን 12 ጊዜ፣ አንዷ ትከሻውን፣ አንዷ ዳሌውን፣ አንዷ እግሩን ይዛችሁ፣ አከርካሪው ሳይጠማዘዝ እንደ ግንድ በአንድ ላይ አዙራችሁታል። ተረከዙን ከፍራሹ ከፍ አድርጋችሁ፣ ቁርጭምጭሚቱን ቀጥ አድርጋችሁ ደግፋችኋል። ፊኛው እንዳይወጠር በየአራት እስከ ስድስት ሰዓቱ ሽንቱን በካቴተር (በቀጭን ቱቦ) አውጥታችኋል። ፊዚዮቴራፒስቶችም መገጣጠሚያው እንዳይደርቅ ጡንቻው ገና ምንም ሳይመልስ አንቀሳቅሳችሁታል። ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚነቃነቀው የእግር አውራ ጣት ነው፤ በቻርቱ ላይ ቀድማችሁ የምትጽፉትም እናንተ ናችሁ።

መድኃኒት የምትሰጡና የምትከታተሉ ሆይ፣ አራቱ መድኃኒቶች ለሁለት ወር፣ ከዚያ አይሶናያዚድና ሪፋምፒሲን፣ በጠቅላላው ብዙ ጊዜ ከ9 እስከ 12 ወር እንዲወሰዱ ነግራችኋል። ሽንት በሪፋምፒሲን ምክንያት ቀይ ብርቱካናማ ሲሆን ደም አለመሆኑን አስረድታችኋል፤ ቀለም መለየት ያቃተውን፣ ከአራቱ አንዱ የሆነውንና ዓይን ሊጎዳ የሚችለውን ኢታምቡቶል አስቁማችሁ ወደ ዓይን ሐኪም ልካችኋል። ከአይሶናያዚድ ጋር ቫይታሚን ቢ6 መስጠታችሁ በተለይ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው፤ ያለ እርሱ እግር ሲደነዝዝ ከመድኃኒቱ ይሁን ከሕብለ ሰረሰሩ ለመለየት እንቸገራለን።

አስታማሚዎችና ወላጆች፣ በሽተኛው “ድኛለሁ፣ ይበቃኛል” ባለበት በስድስተኛውና በሰባተኛው ወርም ኪኒኑን በእጃችሁ ሰጥታችሁታል። ልጆቻችሁን ደግሞ ቲቢው ከዳነ በኋላም ቁመታቸው ተጨምሮ እስኪያበቃ ድረስ ለራጅ ማምጣታችሁን አላቋረጣችሁም። በልጅ ጀርባ ላይ የቀረ ጉብጠት ከዕድገት ጋር ሊጨምር፣ ከዓመታት በኋላም እግሩን ሊያሰንፍ ይችላልና፣ ያን ቀጠሮ ስላከበራችሁልን እናመሰግናለን። የልጁ እግር ቢገተርበት ወይም ቢደነቃቀፍ ግን ቀጠሮውን አትጠብቁ፤ በዚያው ቀን ይዛችሁት ኑ።