ከጎተራችሁ ቆንጠር አድርጉልን፤ የሁለት ጥማዱ ጤፍ ይዘራ

እንዴት ከረማችሁ የአረርቲና የአካባቢዋ ልጆች? እዚህ ያላችሁም፣ አዲስ አበባና አዳማ የገባችሁም፣ ባሕር ማዶ ያላችሁም። ዘንድሮ ደብተር ይዤ ለመዋጮ አልመጣሁም። እህል ልለምናችሁ ነው።

ነገሩ የተጀመረው ባለፈው ክረምት ለቅሶ ላይ ነው። አንዲት ጎረቤታችን እናቷ አርፈውባት የእድሩን ድንኳን ተከልን። ሐምሌ ነው፣ ዝናቡ አያባራም። ድንኳኑ መሃሉ ላይ ውሃ ቋጥሮ እንደ አቁማዳ ተንጠለጠለ። ልጆቹ ከስር በዱላ እየገፉ ያፈሱታል፣ በተቀደደው በኩል ደግሞ ለቀስተኛው ጋቢ ላይ ይንጠባጠባል። አጠገቤ የተቀመጡ እናት ነጠላቸውን አውልቀው የሸፈኑት ራሳቸውን አይደለም፣ የንፍሮውን ሰፌድ ነው። ያን ማታ "እስቲ ለድንኳን እናዋጣ" ሲባል ማንም ትንፍሽ አላለም። ሰው ንፉግ ሆኖ አይደለም። ለእድር ያወጣል፣ ለትምህርት ቤት ያወጣል፣ ለሰንበቴ ያወጣል፣ ለልጆቹ ማልያ ያወጣል፣ ኑሮውም እናንተው እንደምታውቁት ነው።

ዝም ባልንበት አንድ አባት "ሁለት ጥማድ መሬት አለኝ፣ ጉልበቱም የለኝም፣ ለሚመጣው አንድ ክረምት እናንተ ዝሩበት" አሉን። በቃ፣ እንዲህ ተጀመረ።

ሁለት ጥማድ ግማሽ ሄክታር መሆኑ ነው። ጤፍ በብተና ሲዘራ ለሄክታር ከ25 እስከ 30 ኪሎ ይበቃል፣ ስለዚህ እኛ የምንፈልገው ዘር 15 ኪሎ ብቻ ነው። የአገሪቱ አማካይ ምርት በሄክታር 18 ኩንታል አካባቢ ነው። ያንን አማካይ እንኳ ብናገኝ 9 ኩንታል ይሆናል፣ የምንጃር መሬት ደግሞ በጤፍ እንደማያሳፍር እናንተም ታውቃላችሁ። በ15 ኪሎ 900 ኪሎ፣ አንዱ ስልሳ ሆኖ መጣ ማለት ነው። አንድ ሺህ ብር አዋጥተን ድንኳን ብንጠግንበት እዚያው ያልቃል። የተዘራ ግን ለከርሞም ዘር ይተርፈዋል።

አንድ ነገር አደራ። ዘሩ ከየቤቱ ስለሚመጣ እንዳይደባለቅብን። ነጭና ቀይ ከተቀላቀለ ሠርገኛ ይሆንና ገበያ ላይ ዋጋው ይወርድብናል፣ ልፋታችን ሁሉ መና ነው። ስለዚህ ለዘር የምንቀበለው ቁንጮ የሚባለውን ነጭ ጤፍ ብቻ ነው፣ በ1998 ዓ.ም. ከደብረ ዘይት ምርምር ማዕከል የወጣውን፣ እዚህ ብዙ ሰው ቤት ያለውን። የአምናው ምርት ይሁን፣ በደንብ ተነፍቶ አረሙ የወጣለት ይሁን። ሌላ እህል ያላችሁ፣ ሠርገኛም ይሁን ስንዴም ይሁን ሽምብራ፣ እሱንም አምጡ፤ ሸጠን ማዳበሪያ እንገዛበታለን። ማዳበሪያው ነው ከባዱ። ለዚህች መሬት ግማሽ ኩንታል ኤንፒኤስና ግማሽ ኩንታል ዩሪያ ያስፈልገናል፣ እህል መላክ የማትችሉ ሩቅ ያላችሁ ልጆች እዚህ ላይ ብትደርሱልን ትልቅ ነገር ነው።

መሬቱ ሦስቴ ታርሷል፣ በሬ ያላቸው ጎረቤቶች በየተራ ጠምደውልን። አንድ እርሻ ይቀረናል። ዘሩ ሐምሌ አጋማሽ ላይ ይበተናል። ከዚያ አረሙ አለ። ጤፍ ሲበቅል ስስ ነው፣ ሣሩ ቶሎ ይቀድመዋል፣ በእጅ ካልተነቀለ ያንቀዋል። አረሙን በደቦ ነው የምናወጣው፣ ፍልሰታ ላይ ስለሚውል ምሳው ሽሮና ንፍሮ ነው። ጠላውን የሴቶቹ ማኅበር እንጥመቅ ብለዋል፣ ጌሾና ብቅል ያላችሁ ለእነሱ ስጧቸው። አጨዳው ኅዳር ላይ ነው። ማጭድ የሚይዝ ሁሉ ይምጣ፣ በተለይ ኳስ የምትጫወቱት ልጆች፣ ድርሻ ስላላችሁ።

ጤፉ ተሸጦ የሚገኘው ገንዘብ ለሦስት ቦታ ይከፈላል። ግማሹ ለእድሩ ድንኳን ነው። ከቀረው አብዛኛው ለትምህርት ቤቱ የሴት ተማሪዎች ክበብ ይሄዳል፣ ሞዴስ ገዝተው መምህሯ ዘንድ እንዲያስቀምጡ። የወር አበባዋ በመጣ ቁጥር ቤት የምትቀር ልጅ አለች፣ በወር ሦስት ቀን፣ አራት ቀን ትምህርት ያመልጣታል፣ ፈተና ሲደርስ ደግሞ "ሰነፍ" ትባላለች። ይሄ እኔን ከድንኳኑ በላይ ያመኛል። ቀሪው ለኳስ ቡድኑ ነው። ጭዱም ገንዘብ ነው፣ ለከብትም ለቤት ምርጊትም የሚፈልገው ብዙ ነው፣ እሱን ሸጠን የውቂያውን ወጪ እንሸፍናለን።

እንደተወቃ አንሸጥም። ታኅሣሥ ላይ ሁሉም ገበያ ስለሚያወጣ ዋጋው ይወድቃል። ጤፍ ነቀዝ አይነካውም፣ ደረቅ ቦታ እስከ ሰኔ ቢቀመጥ ምንም አይሆንም። ሚዛኑ እዚያው አውድማው ላይ ነው፣ ሰው ሁሉ እያየ። ስንት ኪሎ ወጣ፣ በስንት ተሸጠ፣ ለማን ተሰጠ፣ በእድሩ ስብሰባ ላይ ይነበባል። በረዶ ቢመታውም፣ አጨዳ ላይ ዝናብ ቢያረግፈውም፣ የሆነውን እንደሆነው እንነግራችኋለን።

ገንዘብ የምትልኩ፣ የሂሳብ ቁጥሩን ከእድሩ ገንዘብ ያዥ ብቻ ተቀበሉ። ሌላ ሰው በእኛ ስም ቁጥር ቢልክላችሁ እንዳትልኩ፣ መጀመሪያ ደውላችሁ ጠይቁ።

እህሉን እሁድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ እድሩ ቤት እንረከባለን፣ እስከ ሐምሌ 5 ድረስ። ጆንያው ላይ ስማችሁንና የእህሉን ዓይነት ጻፉበት፣ ባዶውን እንመልስላችኋለን።