ቅዳሜ ደብሊን ለሁለት ትከፈላለች

ደብሊን፣ ሚያዝያ 19 ቀን 2001 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

አባባ፣ እንደምን ሰነበቱ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረስዎ። በስልክ ብዬዎታለሁ፤ ግን እርስዎ በጽሑፍ ያልመጣ ሰላምታ አይቆጠርልዎትም። ዓይንዎ ገና ስላልጠና ደብዳቤውን ለእህቴ በኢሜይል ልኬዋለሁ። ቢሮ አትማው ማታ ታነብልዎታለች። እህቴ፣ ሲደክማቸው አቁሚ። የግፊት መድኃኒታቸውንም ቀድመሽ ስጫቸው። ጾም ተፈታ ብለው ሥጋው ላይ እንዳይበረቱም ተቆጣጠሪልኝ።

ባለፈው ስንደዋወል «ግማሽ ፍጻሜ ደርሰናል» ብልዎ ተቆጡኝ። የማንቸስተርና የአርሴናል መስሎዎት ነው። «አንተም እንደ ሰፈሩ ጎረምሳ የሰው አገር ቡድን ማምለክ ጀመርክ?» አሉኝ። ከዚያ መስመሩ ተቆረጠ። ሰፈሩ በዚህ ሳምንት በሁለቱ ምክንያት እንቅልፍ እንደሌለው እህቴ ነግራኛለች። ለጊዮርጊስ ስታዲየም ለኖረ ሰው ያናድዳል፣ ይገባኛል። የእኔ ግን ሌላ ነው። ራግቢ ነው። የሚጫወቱትም እዚሁ ከምኖርበት ከተማ ነው፣ በአውቶቡሴ መስመር ላይ።

አየርላንድ ውስጥ አራት የጥንት ክፍላተ ሀገር አሉ፤ ሌንስተር፣ መንስተር፣ አልስተርና ኮናክት። ትልልቆቹ የራግቢ ክለቦች የሚጠሩት በእነሱ ስም ነው። ሌንስተር የምሥራቁ ነው፣ ደብሊን ያለችበት። ማሊያው ሰማያዊ ነው። መንስተር የደቡብ ምዕራቡ ነው፣ ኮርክና ሊምሪክ ያሉበት። ማሊያው ቀይ ነው። ቅዳሜ ሁለቱ በአውሮፓ ዋንጫ፣ ሃይንከን ካፕ በሚሉት፣ ግማሽ ፍጻሜ ይገናኛሉ። ደርሶ መልስ የለውም። የተሸነፈ ቤቱ ይገባል፤ ያሸነፈ ኤደንብራ ሄዶ ለዋንጫ ይጫወታል።

ጨዋታውን አንድ ጊዜ በቴሌቪዥን አይተው «ይሄ ጠብ ነው ወይስ ስፖርት?» ብለው ነበር። ሁለቱም ነው። በአንድ ወገን 15 ሰው ይሰለፋል። ኳሱ ሞላላ ነው። በእጅ ወደ ፊት ማቀበል አይቻልም፤ ወደ ጎን ወይም ወደ ኋላ ብቻ ነው። ይዞ የሚሮጠውን ሰው ወገቡን ይዘው ይጥሉታል። ኳሱን ከተጋጣሚው መስመር ማዶ መሬት ያስነካ 5 ነጥብ ያገኛል፤ ትራይ ይባላል። ከዚያ ኳሱን መትቶ በግቡ ቋሚዎች መካከል ሲያሳልፍ 2 ይጨመርለታል። ቅጣት ምት 3 ነው። ይኸው ነው፤ የቀረውን እኔም ከሥራ ባልደረቦቼ እየጠየቅሁ ነው የማየው።

እርስዎ የሚወዱት ግን ሌላው ነገር ነው። ያ ሁሉ ግዙፍ ሰው ዳኛው ፊት ሲቆም አንገቱን ደፍቶ ነው። ሲያናግሩት «ሰር» ይሉታል። ዳኛ ከበው የሚጮሁ ተጫዋቾች አያዩም። ደጋፊውም ተቀላቅሎ ነው የሚቀመጠው፤ ቀዩ ከሰማያዊው ጎን። እኛ ስታዲየም ፖሊስ በመሃል ካልገባ የሚሆነውን ያውቁታል። ሊምሪክ ውስጥ ቶመንድ ፓርክ የሚባል ሜዳ አለ። የባላጋራ ተጫዋች ቅጣት ምት ሊመታ ሲቆም ሕዝቡ በሙሉ ጸጥ ይላል። ማንም አያፏጭም። መቺዎቹ ግን ከፉጨቱ ይልቅ ዝምታው ያስፈራል ይላሉ።

መንስተር እንዲህ የሚከበር ቡድን ነው። (ዘመኑን እንደ ፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።) በ1978 ኒውዚላንድን በዚያው ሜዳ 12 ለ 0 አሸንፏል። የአየርላንድ ብሔራዊ ቡድን ራሱ እስከ ዛሬ ያልቻለውን ማለት ነው። ባለፈው ኅዳርም ኒውዚላንዶች ተመልሰው መጥተው 18 ለ 16 ለጥቂት ተረፉ። የአውሮፓን ዋንጫ በ2006 እና በ2008 ወስዷል። የእኛው ሌንስተር አንድም ጊዜ አልወሰደም። አዎ፣ የእኛው አልኩ።

በሌንስተር በኩል ራግቢ የሀብታም ልጅ ጨዋታ ነው ይባላል። ብዙዎቹ ተጫዋቾች ተከፍሎ ከሚገባባቸው ትምህርት ቤቶች ነው የሚወጡት። ትልቁ ኮከብ ብራያን ኦድሪስኮልም የብላክሮክ ኮሌጅ ልጅ ነው። ሊምሪክ ላይ ግን ሐኪሙም የወደብ ሠራተኛውም አብረው ይጫወታሉ። የመንስተር ሰዎች ይህን አውርተው አይጠግቡም። እውነት ነው፣ ግን ትንሽ ያበዙታል። አንዳንዴ የደብሊን ሰው ሁሉ በብር ማንኪያ ያደገ ይመስላቸዋል። እኔ የማውቀው የደብሊን ሰው ሌሊት 10 ሰዓት ተነስቶ ዴፖ የሚገባውን ነው።

ዘንድሮ ደግሞ ሊምሪክ ከፍቷታል። የኮምፒውተር ፋብሪካው ዴል ሥራውን ወደ ፖላንድ ሊያዛውር መሆኑን በጥር አሳወቀ። 1,900 ሰው ሥራ ያጣል። ለአንዲት ትንሽ ከተማ ይህ ምን ማለት እንደሆነ እርስዎ አይጠፋዎትም። ዴፖአችን ውስጥ ወንድሙ እዚያ የሚሠራ ሾፌር አለ። ስለ ፋብሪካው ሲነሳ ዝም ይላል። ስለ ቅዳሜው ጨዋታ ሲነሳ ግን አፉን የሚያስዘጋው የለም።

ቂሙ የጀመረው በ2006 ነው። ያኔም ግማሽ ፍጻሜ ነበር፣ እዚሁ ደብሊን፣ ላንስዳውን ሮድ። አስተናጋጁ ሌንስተር ነበር። ስታዲየሙ ግን ቀይ በቀይ ሆነ። መንስተሮች ትኬቱን ከየት እንዳመጡት እስከ ዛሬ ይወራል፤ ሰማያዊዎቹ ራሳቸው ሸጠውላቸዋል የሚልም አለ። 30 ለ 6 አለቀ። ሮናን ኦጋራ፣ የመንስተሩ መቺ፣ ትራይ አስቆጥሮ የማስታወቂያ ሰሌዳውን ዘሎ ደጋፊው ውስጥ ገባ። ያቺ ፎቶ በየመጠጥ ቤቱ ተሰቅላለች። ለደብሊን ሰው ከውጤቱ ይልቅ እሷ ነች የምታቃጥለው።

በዚያን ዕለት ብዙ የተሰደበው አርጀንቲናዊው የሌንስተር መቺ ፌሊፔ ኮንቴፖሚ ነበር። ምቱ እምቢ አለው። ስለ እሱ አንድ ነገር ልንገርዎ። እየተጫወተ ጎን ለጎን እዚሁ ደብሊን ሕክምና ተምሮ በ2007 ሐኪም ሆኖ ተመረቀ። «ኳስና ትምህርት አብረው አይሄዱም» ብለው ኳሴን የቀደዱባት ቀን ትዝ አለችኝ። ይቅር ብዬዎታለሁ።

ዘንድሮ እንዴት እንደ ደረሱም ልንገርዎ። ሩብ ፍጻሜው የፈረንጆቹ ፋሲካ፣ የእኛ ሆሳዕና ዕለት ነበር። መንስተር ኦስፕሪስ የሚባለውን የዌልስ ቡድን 43 ለ 9 ቀጣው። ሌንስተር ለንደን ሄዶ ሃርለክዊንስን 6 ለ 5 አሸነፈ። ስድስት ለአምስት! ሲያልቅ ልብሴ በላብ ርሶ ነበር። ወደ መጨረሻው ላይ አንድ የሃርለክዊንስ ተጫዋች አፉ ደም በደም ሆኖ ወጣ። የደማ ሰው ሲወጣ ቀደም ብሎ የወጣ ሰው በቦታው መግባት ይችላል፤ ሕጉ ነው። ስለዚህ ተቀይሮ ወጥቶ የነበረው ዋናው መቺያቸው ተመልሶ ገባ። ግን ሳተ። ደሙ የውሸት ነው እየተባለ እስካሁን ይወራል። እውነት ከሆነ ጉድ ነው።

አስገራሚው ነገር እነዚህ ሰዎች ከወር በፊት በአንድ ማሊያ መጫወታቸው ነው። በመጋቢት አየርላንድ የስድስቱን አገሮች ውድድር ሁሉንም አሸንፋ ጨረሰች። ግራንድ ስላም ይሉታል። ከ1948 ወዲህ አግኝታው አታውቅም ነበር። በመጨረሻው ጨዋታ ዌልስን 17 ለ 15 ስታሸንፍ አምበሉ የሌንስተሩ ኦድሪስኮል ነበር፣ የማሸነፊያውን ምት የመታው የመንስተሩ ኦጋራ። ከተማው አብሮ አለቀሰ። እኔም መሪ ይዤ ጥሩምባ ስነፋ ነበር፣ የማይፈቀደውን። አሁን እነዚያው ሰዎች ሊፋለጡ ነው። የሰሜኑም የደቡቡም ሰው በአንድ ብሔራዊ ቡድን የሚጫወትበት አገር ነው፤ በክለብ ሲመጣ ግን ወንድም ከወንድም አይነጋገርም።

ጨዋታው የሚደረገው ክሮክ ፓርክ ነው። ይህን ስታዲየም ባሳይዎ ደስ ይለኝ ነበር። ከ80 ሺህ ሰው በላይ ይይዛል። ከሞላ ለክለብ ራግቢ የዓለም ሪከርድ ይሰበራል እየተባለ ነው። የአየርላንዶች የባህል ጨዋታ ቤት ነው እንጂ የራግቢ ሜዳ አይደለም። በኅዳር 1920 የእንግሊዝ ወታደሮችና ፖሊሶች ጨዋታ መሃል ገብተው ተኩሰው 14 ሰው ገድለዋል። አንዱ ማይክል ሆገን የሚባል ተጫዋች ነበር፤ አንዱ የተመልካቾች መቀመጫ ዛሬም በስሙ ይጠራል። የየካቲት 12ን ነገር ከእርስዎ አፍ እየሰማን ያደግን ሰዎች ይህ አይከብደንም። ራግቢና እግር ኳስም፣ የእንግሊዝ ጨዋታ ናቸው ተብለው፣ ግቢውን እንዳይረግጡ ተከልክለው ኖሩ። በ2005 ነው ሕጉን ያላሉት፣ ላንስዳውን ሮድ ፈርሶ ሊሠራ ስለ ነበር። በ2007 እንግሊዝ መጥታ ስትጫወት መዝሙሯ ተዘመረ፤ ሕዝቡ በጨዋነት አዳመጠ። ከዚያ 43 ለ 13 አሸነፏት።

ቅዳሜ ማን ያሸንፋል? አገሩ ሁሉ መንስተር ይላል። ዘንድሮ በሊጉ ሁለቴ ተገናኝተው ሁለቴም መንስተር አሸንፏል። በዚህ ክረምት ወደ ደቡብ አፍሪካ ለሚሄደው ላየንስ ለሚባለው ምርጥ ቡድን ስምንት ሰው የተመረጠው ከመንስተር ነው፤ አምበሉም የሊምሪኩ ፖል ኦኮነል ነው። ከስምንቱ አንዱ ቶማስ ኦሌሪ ሰሞኑን እግሩ ተሰብሯል። በእሱ ቦታ ትንሹ ፒተር ስትሪንገር ይገባል መሰለኝ። በቁመት ያን ያህል አይደለም፣ ግን የ2006ን ፍጻሜ በትራይ ያዞረ ሰው ነው፤ አይናቅም። ውርርድ ብገባ እኔም ብሬን መንስተር ላይ ነው የማደርገው። ቢሆንም 43 ለ 9 ያሸነፈ ቡድን የትም እንደሚያሸንፍ ያስባል። ለንደን ላይ ያየሁት ሌንስተር ግን በመከላከል ብቻ አንድ ነጥብ አድኖ የወጣ ቡድን ነው። እንደዚያ ከተከላከሉ ቀዮቹ እንደ ለመዱት አይፈነጩም። ሮኪ ኤልሶም የሚባል አውስትራሊያዊ አላቸው፤ ብቻውን ሦስት ሰው ያቆማል።

እኔ ግን አላየውም። ለምን መሰለዎት?

የቅዳሜ ከሰዓት ፈረቃ የእኔ አልነበረም። ስምሪቱ የዚያ የሊምሪኩ ሾፌር ነበር። ትኬት አለው፣ ፈረቃ ቀያሪ የለውም። በተመሳሳይ ሰዓት የሚሠራ አንድ የደብሊን ልጅም ትኬት ይዞ ይለምነኛል። ሁለቱም ገለልተኛ ነህ ብለው ነው እኔን የያዙኝ፤ የትኛው ጋ እንደሆንኩ የሚጠይቀኝ የለም። የደብሊኑ ልጅ አንድ ሳምንት ቢራ እጋብዝሃለሁ አለኝ። የሊምሪኩ ሰው የነሐሴ ፈቃዱን ሰጠኝ። ሁለት ሳምንት! ልጆች ያሉት ሾፌር ሁሉ የሚሻማበትን ጊዜ። አርባ ዓመት አንበሳ አውቶቡስ የነዱ ሰው የፈቃድን ዋጋ ያውቃሉ። እርስዎ ቢሆኑ የቱን ይመርጡ ነበር?

ስለዚህ አንድ ተጨማሪ ቀይ ሰው ክሮክ ፓርክ የሚገባው በእኔ ምክንያት ነው። የደብሊኑ ልጅ አኩርፎኛል። ይውጣለት። እኔ በዚያ ሰዓት ድራምኮንድራ ላይ፣ ከስታዲየሙ አጠገብ፣ መንገድ ተዘግቶ ዞሬ ስነዳ እሆናለሁ። ጨዋታው ሲያልቅ ደግሞ ያ ሁሉ ሕዝብ በአንዴ ይወጣል። ከስታዲየም ጊዮርጊስና ቡና ሲለያዩ በእርስዎ አውቶቡስ ላይ የሚሆነውን አስታውሳለሁ። መስታወት አይሰበርም እዚህ፤ ዘፈኑ ግን ያው ነው። ውጤቱን ሳልሰማ ማታ ቴፑን አያለሁ ብዬ ነበር፣ ግን ሾፌር ሆኖ እንዴት ይቻላል? የመጀመሪያው ተሳፋሪ ፊት ይነግረኛል።

የእኔን ፈቃድ ከሱ ጋር ስቀጥለው አንድ ወር ይሞላል። ከቡሄ በኋላ እመጣለሁ፣ እንቁጣጣሽን አብረን ውለን ነው የምመለሰው። አውሮፕላኑን ገና አልቆረጥኩም፤ በዚህ ሳምንት እቆርጣለሁ። የዓይን ሐኪሙ ቀጠሮ በዚያ ሰሞን ከሆነ እኔ ነኝ ይዤዎት የምሄደው፤ እህቴ ከሥራ እንዳትቀር። የጫማዎን ቁጥር ይንገሩኝ፤ እግርዎ ያብጣል ብላኛለች፣ ሰፊ ይሻላል። ለሰፈሩ ልጆች ማሊያ አምጣ ብለውኛል። አርሴናል አላመጣም። ሰማያዊ የሌንስተር አመጣላቸዋለሁ፣ ቼልሲ ነው ብለው ይልበሱት።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ እደውላለሁ። ቅዳሜ ማታ አይጠብቁኝ፣ ዴፖ የምገባው አምሽቼ ነው። ጊዮርጊስ በዚህ ሳምንት ምን እንዳደረገም ይንገሩኝ፤ እዚህ የሚያወራልኝ የለም።

ልጅዎ