ከሻሹ ያመለጠው ፀጉር

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ ለማህሌት፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኔና አያትሽ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ክረምቱ ስለወጣ የአያትሽ ጉልበት እሺ ባላት ቀን ማታ ማታ ጣና ዳር ወጣ እንላለን።

የላክሽው ኩባያ ሳይሰበር ደርሷል። ክንዷን አጥፋ ጡንቻዋን የምታሳየውን፣ ነጭ ነጠብጣብ ያለበት ቀይ ሻሽ ያሰረችውን ሴት ገና ሳያት ዐወቅኋት። «በጦርነቱ ጊዜ ሴቶችን ወደ ፋብሪካ የጠራችው» ብለሽ ጽፈሻል። እናትሽ የታሪክ አስተማሪ መሆኗ የአንቺ ዕዳ ነውና ትንሽ ታገሺኝ።

እሷ ማንንም አልጠራችም። ጄ. ሃዋርድ ሚለር የሣላት ዌስቲንግሃውስ ለተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ነው፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በ1943 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ፣ በራሱ በኩባንያው ፋብሪካዎች ውስጥ ለሁለት ሳምንት ያህል ተለጥፋ ተነሣች። የታየችውም ቀድሞውኑ ሥራ ላይ ለነበሩት ነው። ዝናዋ የመጣው ከአርባ ዓመት ገደማ በኋላ ነው።

ጥሪውስ ሌላ ነበር። አንዱ የቅስቀሳ ሥዕል ላይ የዘመተባትን ሰው ደብዳቤዎች ደረቷ ላይ ያቀፈች ሴት አለች፤ ጽሑፉ ናፍቆት ቶሎ አይመልሰውም፣ ይልቅ የጦርነት ሥራ ያዢ ይላታል። የዚያን ጊዜ የቅስቀሳ ፊልሞች ደግሞ የቀሚስ ጨርቅ የቆረጠች እጅ የአውሮፕላን ቆርቆሮ መቁረጥ አያቅታትም ይሉ ነበር። ብልጠቱ አይታይሽም? ሥራውን የማድ ቤት ታናሽ አደረጉት፤ ሰላም ሲሆን ወደ ማድ ቤት ለመመለስ እንዲቀል። በ1940 እ.ኤ.አ. ከሠራተኛው 27 በመቶ ገደማ የነበሩት ሴቶች በ1945 እ.ኤ.አ. 37 በመቶ ገደማ ደርሰው ነበር፤ ወታደሩ ሲመለስ ብዙዎቹ ተሰናበቱ።

አያትሽን ማንም በሥዕል አልጠራትም። በጣሊያን የጦር ካሳ በተሠራው የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ፈትል ክፍል ገባች። አገሩ ሁሉ «ሁሉም ነገር ወደ ጦር ግንባር» በሚልበት ዘመን ከሌሊት ፈረቃ ስትመለስ ቅንድቧ በጥጥ ብናኝ ነጭ ሆኖ ትዝ ይለኛል። ሻሿን ደጅ ላይ አራግፋ ትገባለች፤ ከዚያ ቀጥታ ወደ ሊጡ።

ኩባያውን ሳሳያት መነጽሯን አድርጋ አየችው። «ይህቺ ልጅ ማሽን አጠገብ አትቁም፤ ፀጉሯ በግንባሯ በኩል ወጥቷል» አለችኝ።

ሳቄ መጣ፤ ግን እውነቷን ነው። በዚያው ጦርነት ቬሮኒካ ሌክ የተባለች የሆሊውድ ተዋናይ አንድ ዓይኗን በፀጉሯ ሸፍና ነበር የምትታየው (ስሟ «ሐይቅ» መሆኑ የእኛን ሰፈር ሰው ያስመስላታል)። የፋብሪካ ሴቶች እንደ እሷ ፀጉራቸውን እየለቀቁ ማሽን ስለያዛቸው፣ መንግሥት የፀጉር አሠራሯን እንድትቀይር ለመናት፤ ቀየረችም። ይህንን ለአያትሽ ብነግራት፣ «እናት አልነበራትም እንዴ ሻሽ የምታስርላት?» አለች።

ኩባያውን ግን ወስዳብኛለች፤ ጠዋት ጠዋት አጥሚቷን የምትጠጣው በእሱ ነው። ለእኔ ሌላ ላኪልኝ፤ ሥዕል ባይኖረውም ግድ የለም።

እናትሽ፣
ከባሕር ዳር