ከቶኪዮ ስለተመለሱት ልጆቻችን፣ ስለጠፉት ሁለቱም ጭምር

ሐምሌ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበራችሁ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

እንደምን ሰነበታችሁ? ሐምሌ 1 ማታ የተሳፈሩት 16 ልጆችና 4 መምህራን ሐምሌ 11 ጠዋት በሰላም ገብተዋል። አብዛኞቻችሁ ቦሌ መጥታችሁ ተቀብላችኋቸዋል። ስለዚህ ይህ ደብዳቤ ለብስራት አይደለም።

የምጽፈው ስለ ወሬው ነው። በወላጆች የቴሌግራም ግሩፕ "ሁለት ልጆች ቶኪዮ ላይ ጠፍተው ነበር" ተብሏል። እውነት ነው። ጠፍተው ነበር። የሁለቱ ወላጆች በዚያኑ ቀን ከእኔ ሰምተዋል፤ ሌሎቻችሁ ግን ከልጆቻችሁ አፍ ቁርጥራጩን ነው የሰማችሁት። ሙሉውን ልንገራችሁ።

ቅዳሜ ሐምሌ 5 ነበር። ያረፍነው ኡዌኖ አካባቢ ነው። የዕለቱ ሥራ ቀላል ይመስል ነበር፤ ልጆቹ በአራት በአራት ተከፍለው፣ አንዳንድ መምህር ከኋላ እየተከተላቸው፣ ራሳቸው መንገዱን አንብበው ሺንጁኩ መድረስ። እዚያ የከተማው አስተዳደር ሕንፃ 45ኛ ፎቅ ላይ በነፃ የሚገባበት ማማ አለ፤ ከ202 ሜትር ከፍታ ላይ ቶኪዮን ቁልቁል ማየት ይቻላል። ከኡዌኖ ሺንጁኩ ደግሞ ባቡር መቀየር እንኳ አያስፈልግም። ያማኖቴ የሚባለው አረንጓዴ መስመር በቀጥታ ያደርሳል።

ያላሰብኩት ጣቢያውን ነው። ሺንጁኩ በዓለም ብዙ ሰው የሚተላለፍበት የባቡር ጣቢያ ነው። በቀን ከ3 ሚሊዮን ሰው በላይ ያልፍበታል፤ መውጫዎቹ ከ200 በላይ ናቸው። መርካቶን በዋዜማ አስቡት፤ ከዚያ ጩኸቱን ቀንሱለት። ከአንዱ ቡድን ሁለቱ ልጆች ወደ በሩ ሲጋፉ ሰው ቀደማቸው፣ በሩ ተዘጋ፣ ባቡሩ ሄደ። ሁለቱ ጓደኞቻቸውና መምህሩ በሌላ በር ወርደው መሳፈሪያው ላይ ቆመው ቀሩ። ኢንተርኔቱ ያለው በመምህሩ እጅ ባለችው ትንሽ ዕቃ ላይ ብቻ ነበር። ይህ የእኔ ጥፋት ነው። ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ የሚሠራ ስልክ መያዝ ነበረብኝ። ወጪ ለመቀነስ ብዬ ነው የተውኩት።

በዋዜማው ማታ የሰጠኋቸው መመሪያ ነበር፤ "ከተነጣጠላችሁ ቀጣዩ ጣቢያ ላይ ውረዱና ከቆማችሁበት አትነቃነቁ።" መምህሩ በሚቀጥለው ባቡር ተከትሎ ዮዮጊ ወረደ። ማንም የለም። እኔ ያን ጊዜ ምን እንደተሰማኝ አልጽፍም፤ ወላጅ የሆነ ያውቀዋል። የጣቢያው ሠራተኞች ስለ ልጆቹ ልብስና ቁመት ጠይቀውን ወደ ሌሎች ጣቢያዎች ደወሉ። ድምፃቸውን ከፍ ያደረገ አንድም ሰው አልነበረም። እኔ ግን ጮክ ብዬ ነበር መሰለኝ፣ ሰዎች ዞር ብለው ያዩኝ ነበር።

ከአንድ ሰዓት በላይ ካለፈ በኋላ ሁለቱ ልጆች እዚያው ሺንጁኩ፣ እዚያው መሳፈሪያ ላይ፣ ከባቡር ዱብ አሉ። እየሳቁ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ያማኖቴ ክብ መስመር ነው። 34 ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ነው፤ 30 ጣቢያዎች አሉት፤ አንድ ዙር አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል። ልጆቹ መከሩ። "ቀጣዩ ጣቢያ ብንወርድ በስህተት ሌላ መስመር ልንገባ እንችላለን። ይሄ ግን ክብ ነው፣ ተቀምጠን ብንቆይ ራሱ ይመልሰናል" ተባባሉ። እያንዳንዱ ጣቢያ ቁጥር አለው፤ ሺንጁኩ 17 ነው። ከበሩ በላይ ያለውን ስክሪን እያዩ 18፣ 19፣ 20 ብለው ቆጠሩ። 30 ላይ ሲደርስ ወደ 1 ተመለሰ። 5 ላይ የራሳችንን ኡዌኖን አዩ። 17 ላይ ወረዱ። ቶኪዮን አንድ ጊዜ ዞረው ማለት ነው። ከእኛ ከሁላችንም በላይ ከተማውን ያዩት እነሱ ናቸው።

አልተቆጣሁም ብል ዋሸሁ። መመሪያ ጥሰዋል። ግን ያሰቡት ነገር ትክክል ነበር፤ ከእኔ መመሪያ የተሻለ ነው የሚሉ መምህራንም አሉ። እኔ አሁንም አልቆረጥኩም።

"ለምን ያኔውኑ አልተደወለልንም?" የሚለው ቅሬታ ተገቢ ነው። ሰዓቴን አይቼ ነበር። አሥር ሰዓት ከአርባ ይላል። እዚህ ላይ ልጆቹ በጣም የወደዷትን ነገር ልንገራችሁ። ቶኪዮ ከአዲስ አበባ 6 ሰዓት ትቀድማለች። እኛ ደግሞ ሰዓት የምንቆጥረው ከሌላው ዓለም 6 ሰዓት ፈቀቅ ብለን ነው። ስለዚህ በእኛ አቆጣጠር የተሞላ የእጅ ሰዓት ቶኪዮ ሲደርስ ሳይነካ ልክ ነው። ናሪታ ስንደርስ ሌላው መንገደኛ ሰዓቱን ሲያስተካክል የእኛ ልጆች ዝም ብለው ቆሙ። እና ያን ቅዳሜ የእኔ ሰዓት ሁለቱንም ይነግረኝ ነበር፤ ለቶኪዮ ረፋድ፣ ለእናንተ ከሌሊቱ አሥር ከአርባ። በዚያ ሰዓት ስልክ ተደውሎ "ልጃችሁን እየፈለግን ነው" ማለት አልቻልኩም። ሲገኙ ደወልኩ። ሁለተኛ ጊዜ ቢያጋጥመኝ ምን እንደማደርግ ቅዳሜ ስንገናኝ እናንተው ትነግሩኛላችሁ።

በዚያ ማታ መምህራኑ ተከራከርን። አንዷ መምህርት "ከአሁን በኋላ ሁሉም በአንድ ሰልፍ" አሉ። በመጨረሻ ቡድኖቹ እንዲቀጥሉ ወሰንን፤ በነጋታው ለእያንዳንዱ ቡድን የሚሠራ ስልክ ተገዛ። አንዱ ምክንያት ልጆቹ ራሳቸው ናቸው። ቀደም ብሎ አንድ ቀን ጠዋት ባቡር ውስጥ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ተማሪ አይተው ነበር። ሰባት ዓመት ቢሆነው ነው። ራንዶሴሩ የሚባለውን ጠንካራ የቆዳ ቦርሳ አዝሎ ብቻውን ቆሟል። የእኛዎቹ የ10ኛና የ11ኛ ክፍል ልጆች ተያዩ።

ይህን ስጽፍ "እናንተ ጃፓኖችን ምሰሉ" ማለቴ አይደለም። ያ ልጅ ብቻውን የሚሄደው መኪናው ስለሚቆምለት ነው። ጠዋት ማቋረጫ ላይ ባንዲራ ይዘው የሚያሻግሩ ሽማግሌዎች ስላሉ ነው። ኮባን የምትባል ትንሽ የፖሊስ ቤት በየሰፈሩ ስላለች ነው። የእኛ ትምህርት ቤት በር ላይ ጠዋት የሚሆነውን እኔም አያለሁ፣ እናንተም ታውቃላችሁ።

ስለ ምግቡ ብዙ ጠይቃችኋል። የሰኔ ጾም የሚፈታው ሐምሌ 5 ስለሆነ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ብዙዎቹ ልጆች በጾም ነበሩ። ሩዝ፣ አትክልትና ቶፉ (ከአኩሪ አተር የሚሠራ ምግብ) ባለበት አገር ጾም ቀላል ነው ብዬ ነበር። አልሆነም። የአትክልት ሾርባ ተብሎ የሚቀርበው ሁሉ መረቁ ዳሺ ነው፤ ዳሺ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከደረቀ ዓሣ ይወጣል። ከዚያ "ዓሣ ይጾማል፣ አይጾምም" የሚለው የቆየው ክርክር የቶኪዮ ኑድል ቤት ውስጥ ተነሣ። አላረቅነውም። ዓሣ የሚጾሙትም የማይጾሙትም አብረው በየማዕዘኑ ካለው ሱቅ የሩዝ ኳስ እየገዙ በሉ፤ ውስጡ ኡሜቦሺ የሚባል የኮመጠጠ ፍሬ ያለበትን። የመጀመሪያውን ሲነክሱ የተነሡት ፎቶ አለ፤ ፊታቸውን ስታዩ ትስቃላችሁ። ሙስሊም ልጆቻችን ሌላ ጣጣ ነበረባቸው። ብዙ ወጥና ስጎ ውስጥ ሚሪን የሚባል የአልኮል ቅመም ይገባል። ዓርብ ዕለት ዮዮጊ ኡዌሃራ ያለው ትልቁ መስጊድ ሄደው ሰግደዋል። ከ2000 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያለ በቱርክ አሠራር የተሠራ ነው፤ ሌሎቹም ልጆች ገብተው አይተውታል።

አሁን ወደ ትምህርት ቤቱ ልምጣ፤ ለእኔ ጉዞው ይሄ ነበር። በከተማዋ ምሥራቅ በኩል አንድ የመንግሥት መካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተቀብሎናል። በር ላይ ጫማ ይወልቃል። እያንዳንዱ ተማሪ የጫማ መደርደሪያና ክፍል ውስጥ ብቻ የሚያደርገው ሸራ ጫማ አለው። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ተረኞቹ ነጭ ሽርጥና ኮፍያ አድርገው፣ ጭልፋ ይዘው፣ ለጓደኞቻቸው ያድላሉ። መምህሩም እዚያው ያንኑ ይበላል። ከዚያ ሙዚቃ ተለቀቀ፤ ሁሉም ተነሣ፤ ወንበሮቹ ወደ አንድ ጎን ተገፉ። ጽዳት ነው። መጥረጊያ የያዘ አለ፣ በእርጥብ ጨርቅ ኮሪደሩን ተንበርክኮ እየሮጠ የሚወለውል አለ፣ ሽንት ቤት የደረሰው አለ። የእኛዎቹ መጀመሪያ ቆመው ያዩ ነበር። ከዚያ አንዷ ልጃችን ጨርቅ አነሣች። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ሁሉም ወለል ላይ ናቸው።

እኛ አገር ካይዘን (የጃፓኖች ሥራን ደረጃ በደረጃ የማሻሻል ዘዴ) ሲባል የመሥሪያ ቤት ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ሠንጠረዥ ነው የሚታወሰን። አምስቱን "ማ"ዎች፣ ማለትም በ"ማ" የሚጀምሩትን የካይዘን ደንቦች፣ በቃል የሚወጣ ሠራተኛ ሞልቷል። እዚያ ግን ሠንጠረዥም አላየሁ፣ ካይዘን የሚል ቃልም አልሰማሁ። ጨርቁን ብቻ ነው ያየሁት። ደግሞ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። የእኔ ዕድሜ ሰዎች የመንግሥት ትምህርት ቤት ስንማር ክፍል በተራ እንጠርግ ነበር፤ አቧራው እንዳይነሣ ውኃ እየረጨን። መቼ እንደተውነው አላስታውስም። የግል ትምህርት ቤት ሲስፋፋ ይመስለኛል።

ክፍሎቹ ውስጥ የተማሪው ቁጥር ሳበኝ። ሃያ ስድስት፣ ሃያ ሰባት። ባዶ የቆመ ክፍልም አለ። የተቀበለን መምህር ልጅ የሚወልደው ሰው እየቀነሰ ስለሆነ የሚዘጉ ትምህርት ቤቶች መኖራቸውን ነገረን። አንድ ተማሪያችን ማታ ላይ "እዚህ አገር ሁሉ ነገር አለ፤ ባቡር ላይ ግን ሰው ለሰው አያወራም" አለኝ። ባቡር ውስጥ ስልክ ማውራት ነውር ነው። ማታ ላይ የደከሙ ሠራተኞች ቆመው ይተኛሉ። ልጁ ይህን ያለው ለመውቀስ አልነበረም፤ ናፍቆት ይዞት ይመስለኛል።

አንድ ነገር ግን አሳፍሮኛል። "ከኢትዮጵያ ነን" ስንል ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች ቶሎ ብለው "አበበ!" ይላሉ። ልጆቻችን ሮምን ያውቃሉ፤ ባዶ እግሩን መሮጡን። አበበ ቢቂላ በ1964 (እ.ኤ.አ.) ቶኪዮ ላይ፣ ያውም ጫማ አድርጎ፣ ሁለተኛውን ወርቅ እንዳገኘ የሚያውቁት ከ16ቱ አምስት ብቻ ነበሩ። ትርፍ አንጀቱን ተቀዶ ሕክምና ካደረገ ገና ጥቂት ሳምንታት ነበር። 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ሮጦ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ፤ ከዚያ ሣሩ ላይ ሆኖ ሰውነቱን ማፍታታት ጀመረ። በኦሎምፒክ ማራቶንን በተከታታይ ሁለት ጊዜ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ነው። ይህን ለልጆቻችን የነገራቸው የቶኪዮ ጡረተኛ መሆን አልነበረበትም። የታሪክ መምህራኖቻችንን አናግሬአለሁ። ስታዲየሙ ፈርሶ በዚያው ቦታ አዲስ ተሠርቷል፤ ከውጭ ሆነን ፎቶ ተነሥተናል። የዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮና መስከረም 3 እዚያው ይጀመራል። ልጆቹ በቴሌቪዥን ሲያዩት "እዚህ ጋ ቆሜ ነበር" እያሉ እንደሚያሰለቿችሁ ከወዲሁ እወቁት።

አሁን ሥራ ወደሆነው ልግባ። ቅዳሜ ሐምሌ 26 ከጠዋቱ 3 ሰዓት በትምህርት ቤቱ አዳራሽ እንገናኝ። የሄዱትም ያልሄዱትም ልጆች ወላጆች ኑ። ዕጣው ያልደረሳቸው ልጆች ቅር እንዳላቸው አውቃለሁ፤ የወጪውም ነገር ጥያቄ አለበት፤ ሒሳቡን ደረሰኝ በደረሰኝ ይዤ እመጣለሁ። የባቡሩን ታሪክ ሁለቱ ልጆች ራሳቸው ይነግሯችኋል።

ሌላው አጀንዳ ጽዳት ነው። ከመስከረም ጀምሮ በቀን 15 ደቂቃ ተማሪዎች ክፍላቸውን እንዲያጸዱ ሐሳብ አለኝ። ሐሳቡን ያመጡት የሄዱት ልጆች ናቸው። የጽዳት ሠራተኞቻችን አንዳቸውም ከሥራ አይወጡም። "ልጄን ወለል ሊያስወለውሉ ነው እንዴ የምከፍለው?" የምትሉ እንዳላችሁ ይገባኛል። መጥታችሁ በሉኝ፤ በቴሌግራም ግን አይሁን።

የተረፈ የየን (የጃፓን ገንዘብ) ሳንቲም ያላችሁ ወደ ባንክ አትድከሙ፤ ወረቀቱን እንጂ ሳንቲሙን አይመነዝሩላችሁም። ባለ ቀዳዳዋን የ5 የን ሳንቲም ልጆቹ በክር አንጠልጥለዋታል፤ ተዉላቸው።

በመጨረሻ ስለ ልብስ። "ሐምሌ ሐምሌ ነው" ብላችሁ ወፍራም ጃኬትና ሹራብ የጫናችሁ እናቶችና አያቶች፣ የቶኪዮ ሐምሌ ከ30 ዲግሪ በላይ ይሞቃል፤ ላቡ ደግሞ አይደርቅም። ጃኬቶቹ ከሻንጣ ሳይወጡ ተመልሰዋል። አንድ ጥቁር ሰማያዊ ካፖርት ብቻ ባለቤት አጥቶ ቢሮዬ ተሰቅሏል። ኪሱ ውስጥ አንድ ፌስታል በሶ አለ።

ከአክብሮት ጋር፣
ርዕሰ መምህር