የአካባቢ ጥበቃ ክበብ፦ ደኑን ማን ጨረሰው?

ዘንድሮ ክበባችን ችግኝ ከመትከል ይልቅ ሲከራከር ነው የከረመው። ርዕሱ የሐሩር ክልል ደኖች መመናመን ነበር። ገና ስንጀምር «ደኑን ማን ጨረሰው?» ብዬ ብጠይቅ ሁሉም በአንድ አፍ «ድሃው፣ ለማገዶ» አሉኝ። በኮንጎ ተፋሰስ ለዕለት ጉርስ የሚመነጠር ማሳና ከሰል ትልቅ ድርሻ አላቸው፤ ሌላውን ሁሉ ግን ድሃ ላይ መደፍደፍ አይቻልም።

ካርታ ሰቅለን አገር በአገር ሄድን። አማዞን ውስጥ ከተመነጠረው መሬት አብዛኛው ዛሬ የከብት ግጦሽ ነው። ኢንዶኔዥያና ማሌዥያ ላይ የፓልም ዘይት፣ ኮትዲቯርና ጋና ላይ ካካዎ። ልጆቹ የብስኩት፣ የሳሙናና የቸኮላት መጠቅለያ እየሰበሰቡ ፓልም ዘይትና ካካዎ እንዳለባቸው ማንበብ ሲጀምሩ አንዷ «ቲቸር፣ እኛም እኮ አለንበት!» አለች። ከዚያ በኋላ ስለ ድሃው ያወራ የለም።

መዘዙን ለማየት ሁለት ጠርሙስ ቆርጠን አፈር ሞላንባቸው፤ አንዱን ሣር አለበስነው፣ ሌላውን ራቁቱን ተውነው። ውሃ ስናፈስ ከራቁቱ ጭቃ ወረደ። ይህን ሁሉም ጠብቆት ነበር። ያልጠበቁት፣ ያ ሁሉ ለምለም ደን የሚበቅልበት አፈር በአብዛኛው ደካማ መሆኑ ነው፤ ምግቡ ያለው ዛፉና የረገፈው ቅጠል ውስጥ ስለሆነ ደኑ ሲነሳ መሬቱ በጥቂት ዓመታት ይደክማል። ዝናቡም ይቀንሳል። የአማዞን ዛፎች የሚተነፍሱትን እርጥበት ነፋስ ወደ ደቡብ ይዞት ሄዶ እርሻ ላይ ያዘንበዋል፤ ስለዚህ ለሶያ (ለአኩሪ አተር) ብሎ ደን የመነጠረው ሰው የራሱን ዝናብ ነው የቆረጠው።

የዓመቱ ምርጥ ክርክር ግን ይሄ ነበር፦ «ሀብታሞቹ ደናቸውን ጨርሰው አይደል የበለጸጉት? ሌላው ለምን ይከልከል?» እውነቱን ለመናገር ጥያቄው ፍትሐዊ ነው። መልስ ፍለጋ ብራዚል ሄድን። በ2004 እ.ኤ.አ. ከ27,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የአማዞን ደን ጠፍቶባታል። በሳተላይት ክትትል፣ በቅጣትና ሕገወጥ መንጣሪውን ብድር በመከልከል በ2012 ከ5,000 በታች አወረደችው። የሶያ ምርቷ ግን አልቀነሰም፣ እንዲያውም ጨመረ። ወሬው ሁሉ ጥሩ አይደለም፤ በ2024 ዓለም 6.7 ሚሊዮን ሄክታር ያልተነካ የሐሩር ደን አጥታለች፣ ዋናው አጥፊ ደግሞ እሳት ነበር።

በሚመጣው ዓመት ኮስታሪካን እናጠናለን። ደኑን ለጠበቀ ባለመሬት ከነዳጅ ግብር ላይ ትከፍላለች። ክፍያው ለሌሎች አገሮች ያዋጣል ወይስ አያዋጣም የሚለው ላይ ልጆቹ ከአሁኑ ለሁለት ተከፍለዋል። ምዝገባ ትምህርት እንደተከፈተ ነው፤ የሒሳብ ጎበዞች በጣም ትፈለጋላችሁ።