እምቢ ማለት ሌላ፣ ሕግ መሻር ሌላ

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል አባላት፣

የፌዴራሉን የጦር መሣሪያ ሕግ አንቀበልም ስላሉት የአሜሪካ ግዛቶች ያወጣችሁትን ዘገባ በጥሞና አነበብሁት። ሚዙሪን «የፌዴራል ሕግ የሻረች ግዛት» ብላችኋታል። ሚዙሪ የሻረችው ሕግ የለም፤ ለመሻርም ሥልጣን የላትም። ይህን ዓረፍተ ነገር አምኖ ሽጉጥ የሚገዛ አንድ አንባቢ ሊኖር ይችላል፤ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ የተገደድሁትም ስለ እርሱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የያኔው የሚዙሪ ገዥ ማይክ ፓርሰን በጁን 2021 የፈረሙት ሕግ የተወሰኑ የፌዴራል የጦር መሣሪያ ሕጎችን በግዛቲቱ ውስጥ ዋጋ የላቸውም ብሎ ያውጅ ነበር። እነዚያን ሕጎች በማስፈጸም የሚተባበር የፖሊስ መሥሪያ ቤት ደግሞ ለእያንዳንዱ ጥሰት 50,000 ዶላር እንዲቀጣ ያዝ ነበር። ፖሊሶች ከፌዴራል መርማሪዎች ጋር ከሚሠሩባቸው የጋራ ቡድኖች ወጡ፤ የኦፋለን ከተማ ፖሊስ አዛዥም ሕጉን በመቃወም ሥራቸውን ለቀቁ። የፌዴራሉ ፍትሕ ሚኒስቴር በ2022 ከሰሰ፤ የፌዴራል ዳኛው ብራየን ዋይምስ በማርች 2023 ሕጉን በሙሉ ውድቅ አደረጉት፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም በኦገስት 2024 ውሳኔውን አጸና።

ዘገባችሁ የዘለለው ቁም ነገር በዚህ የይግባኝ ውሳኔ ውስጥ ይገኛል። ፍርድ ቤቱ ሚዙሪ ፌዴራሉን የማገዝ ግዴታ አለባት አላለም። እንዲያውም ፖሊሶቿንና ገንዘቧን የመከልከል መብት አላት። ያልተፈቀደላት የፌዴራሉ ሕግ ሕግ አይደለም ብላ ማወጅና እምቢታዋን በዚያ አዋጅ ላይ ማቆም ነው።

የእምቢታው መብት በተለይ በ1997 በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጸንቷል። ከሞንታናና ከአሪዞና የመጡ ሁለት ሸሪፎች (የአውራጃ ፖሊስ አዛዦች) የሽጉጥ ገዢዎችን ማንነት እንዲያጣሩ የፌዴራሉ መንግሥት ማዘዙን ተቃውመው ከሰሱ፤ በአምስት ለአራት ድምፅ ረቱ። ዳኛ አንቶኒን ስካሊያ በጻፉት ውሳኔ መሠረት ፌዴራሉ የራሱን ሕግ በራሱ ሰዎች ያስፈጽም እንጂ የግዛት ሹማምንትን ማዘዝ አይችልም። የጦር መሣሪያ ወዳጆች በዚህ ፍርድ ደስ ብሏቸው ነበር። ከሃያ ዓመት በኋላ ካሊፎርኒያ ፖሊሶቿ ለፌዴራሉ የስደተኞች ሕግ አስፈጻሚ መሥሪያ ቤት ተባባሪ እንዳይሆኑ ስትከለክልና የፌዴራሉ መንግሥት ሲከሳት፣ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2019 የሕጉ ዋና ክፍል እንዲጸና ያደረገው በዚሁ መርሕ ነው። አንዱን አወድሶ ሌላውን የሚያወግዝ ሰው በሁለቱም ወገን ሞልቷል፤ ከማኅበረሰባችንም አይጠፋም። እኔ ለሁለቱም እቆማለሁ። ስደተኛውን የጠበቀው የሸሪፎቹ ድል ነውና።

ይህ መብት ለሰው ነጻነት የሠራውን ሥራ ማቃለል አይገባም። ማሳቹሴትስ በ1843 ያመለጡ ባሪያዎችን በማሳደድ ሹሞቿ እንዳይተባበሩ፣ እስር ቤቶቿም እንዳያገለግሉ ከልክላለች። ቨርጂኒያ በ2012 ዜጎችን ያለ ፍርድ በወታደራዊ እጅ ለማቆየት ያስችላል ተብሎ በተፈራው የመከላከያ በጀት ሕግ ሠራተኞቿ እንዳይሳተፉ ደንግጋለች። በ2005 የወጣውንና መንጃ ፈቃዶችን በአንድ የፌዴራል መለኪያ ሥር የሚያስገባውን ሕግ ደግሞ ሜይን በ2007 አልተባበርም አለች፤ ሌሎችም ተከተሉ። ሕጉ በአየር ማረፊያዎች የተሳፋሪ መታወቂያ ፍተሻ ሥራ ላይ የዋለው በሜይ 2025 ነው። የግዛቶች እምቢታ ለዚያ ሃያ ዓመት መጓተት አንዱ ምክንያት ነበር፤ ለዚህም ማንም የፌዴራል ሕግ ፈርሷል ብሎ ማወጅ አላስፈለገውም።

ማወጁ የት እንደሚያደርስ የካንሳስን ጉዳይ ተመልከቱ። ካንሳስ በ2013 ያወጣችው ሕግ በግዛቲቱ ተሠርቶ ከግዛቲቱ ያልወጣ መሣሪያ የፌዴራል ሕግ አይነካውም ይላል። ይህን ያመኑ ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ አንደኛው የመሣሪያ ድምፅ ማፈኛ ሠርቶ የሸጠ ባለ ሱቅ፣ ሁለተኛው ገዝቶ በፌዴራል መዝገብ ያላስመዘገበ የቀድሞ ወታደር። ሁለቱም በፌዴራል ፍርድ ቤት በወንጀል ተፈረደባቸው። የግዛታችንን ሕግ አምነን ነው ቢሉም ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2018 አልተቀበላቸውም፤ የፌዴራል ሕግን ትርጉም ለዜጋ የማረጋገጥ ሥልጣን የግዛት ምክር ቤት የለውምና። ሕጉን ያረቀቁትና በጭብጨባ ያሳለፉት ፖለቲከኞች ምንም አልሆኑም፤ የወንጀለኛ መዝገብ የተከፈተው ባመኗቸው ሁለት ሰዎች ስም ነው። ይህ ያስቆጣኛል። ሕግ አውጪ ለሕዝቡ የማይሰጠውን ዋስትና ሰጠሁ ማለቱ ክህደት ነው።

አሁን ወደ እኛ ወደ ስደተኞቹ ልምጣ። የካንሳሶቹ ሰዎች ዜጎች ስለሆኑ ከአገር አልተባረሩም። ግሪን ካርድ የያዘ ሰው ግን በመሣሪያ ወንጀል ከተፈረደበት ከአገር ሊባረር ይችላል፤ በጊዜያዊ ቪዛ ያለ ሰው ደግሞ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር መሣሪያ መያዝ በፌዴራል ሕግ አይፈቀድለትም። የግዛት ሕግ ይህን አይለውጠውም። እኔ በምኖርባት በኮሎራዶ በፌዴራል ሕግ የተከለከለው ካናቢስ (ማሪዋና) በግዛቲቱ ሕግ ተፈቅዶ ይሸጣል፤ ወገኖቻችንም ሕጋዊ ሥራ ነው ብለው በመሸጫዎቹ ይቀጠራሉ። የስደተኞችና የዜግነት መሥሪያ ቤቱ ግን በ2019 ባወጣው መመሪያ እንዲህ ያለው ሥራ እንኳ ለዜግነት የሚጠየቀውን መልካም ጠባይ ሊያሳጣ እንደሚችል ገልጿል። ግዛቲቱ ፈቅዳለች የሚለው መልስ በዚያ ቢሮ ውስጥ አያድንም።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ሁለት ነገር ነው። በመጪው እትማችሁ ስለ ሚዙሪ የጻፋችሁትን አርሙ፤ ሕጉ በፍርድ ቤት መውደቁንም ግለጹ። ቀጥሎም የስደተኞች ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ ጋብዛችሁ ግሪን ካርድና ቪዛ ላላቸው አንባቢዎች በግዛታቸው ተፈቅዶ በፌዴራል ሕግ የሚያስጠይቃቸውን በግልጽ አማርኛ እንዲያስረዳ አድርጉ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ
ከአውሮራ፣ ኮሎራዶ