ያገለገለ የቤተሰብ መኪና ከመግዛታችን በፊት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ያገለገለ የቤተሰብ መኪና በአነስተኛ ዋጋ የሚፈልግ ሰው ብዙውን ጊዜ ቀለሙንና የወንበሩን ልብስ አይቶ ስለሚወስን፣ ይህን አስተያየቴን እንድታወጡልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ሻጩ ሞተሩን አስቀድሞ አሙቆት ከጠበቀ፣ ቀዝቅዞ እንደገና እስኪነሳ መታገሥ ይገባል፤ ብዙ ጭስና ያልተለመደ ድምፅ የሚገለጠው ያን ጊዜ ነውና። የዘይት መሙያው ክዳን ሲከፈት ወተት የመሰለ ዝቃጭ ከታየበት ውሃ ከዘይቱ ጋር ተቀላቅሎ ሊሆን ስለሚችል፣ መካኒክ ሳያጣራው ቀብድ መክፈል አይገባም። ኪሎ ሜትር ቆጣሪው ትንሽ አሳይቶ የፔዳሎቹ ላስቲክ ግን ተበልቶ ከተገኘም ቁጥሩ ሊታመን አይገባም።

ከሁሉም አብልጦ የሚያሳስበኝ ግን ታይሚንግ ቺንጋው፣ ማለትም የሞተሩን ፒስተኖችና ቫልቮች እንቅስቃሴ የሚያቀናጀው ቀበቶ ነው። በብዙ ሞተሮች ላይ ይህ ቺንጋ ሲበጠስ ፒስተኖቹ ከቫልቮቹ ጋር ስለሚጋጩ፣ በርካሽ የተገዛው መኪና በአንድ ቅጽበት ባለቤቱን ለሙሉ የሞተር ጥገና ይዳርጋል። ስለዚህ የተቀየረበት ማስረጃ ካልቀረበ እንዳልተቀየረ ቆጥሮ ዋጋውን መደራደር፣ ከግዢው በኋላም ሳይውል ሳያድር ማስቀየር ያስፈልጋል። የፍሬን ዘይትም እርጥበት የሚስብ በመሆኑ፣ በተለይ ልጆች በሚሳፈሩበት መኪና ላይ፣ በየ2 ዓመቱ ገደማ ሊለወጥ ይገባዋል።

ከአክብሮት ጋር፤
አንድ የጋዜጣችሁ አንባቢ